አናኤሮቢክ ሬስፒሬሽን ልታስተምሩ ነው? ከጭቃው ጀምሩ

ተማሪዎቻችሁን አናኤሮቢክ ሬስፒሬሽን ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ «ያለ ኦክስጅን የሚካሄድ ነዋ፣ እንደ ጠላ» ይሏችኋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጠላው ፈርመንቴሽን ነው፤ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ከዚያው ከስኳሩ የወጣ ሞለኪውል ነው። በአናኤሮቢክ ሬስፒሬሽን ግን ኤሌክትሮን የሚቀባበሉ ፕሮቲኖች ሰንሰለት አለ፣ ፕሮቶንም ይገፋል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ብቻ ኦክስጅን መሆኑ ይቀርና ናይትሬት፣ ብረት ወይም ሰልፌት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እስኪሰለቻቸው ደጋግሙ፦ ኤሌክትሮኑን ማን ተቀበለው?

ሠንጠረዥ ከማሳየታችሁ በፊት፣ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ፣ ጭቃ አስመጡ። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ከሆናችሁ ወንዙ ቅርባችሁ ነው። የከተማው ፍሳሽ ስለሚገባበት ግን ያለ ጓንት አትንኩት! ጭቃውን ከተቦጫጨቀ ጋዜጣና ከትንሽ ጀሶ ጋር ለውሱና በሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉት። ጋዜጣው ካርቦን ይሰጣል፣ ጀሶው ካልሲየም ሰልፌት ነው። ከላይ ውሃ ጨምሩበት፣ ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑን አታጥብቁ፣ ብርሃንና አየር ያለበት መስኮት ጋ አስቀምጡት። የማይክሮባዮሎጂ ሊቁ ቪኖግራድስኪ በ1880ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው፣ እስካሁን የሚተካው አላየሁም። ከሳምንታት በኋላ ታቹ ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሰልፌቱ ከጭቃው ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሰልፋይድ ሆነ፣ ሰልፋይዱ ከብረት ጋር ተገናኝቶ ጠቆረ ማለት ነው።

ቁጥሩ የሚመጣው አሁን ነው። ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌ (ሪዶክስ ፖቴንሻል) ፒኤች 7 ላይ እንዲህ ነው፦ በሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው ኤንኤዲኤች −0.32 ቮልት፣ ኦክስጅን +0.82፣ ናይትሬት +0.42፣ ሰልፌት −0.22። ራሳቸው ያስሉት፦ ከኤንኤዲኤች ያለውን ልዩነት በ2 (በኤሌክትሮኖቹ ብዛት)፣ ከዚያ በ96.5 (በፋራዴይ ቋሚ ቁጥር) ያባዙ። ለኦክስጅን 220 ኪሎጁል አካባቢ፣ ለናይትሬት 143፣ ለሰልፌት 19 ብቻ ያገኛሉ። እዚህ ጋ አንዱ ተማሪ «ሰልፌት ኔጋቲቭ ሆኖ እንዴት ይቀበላል?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትቸኩሉበት። ወሳኙ ምልክቱ ሳይሆን ልዩነቱ ነው፤ −0.22 ከ−0.32 ይበልጣል። እነዚህ ስታንዳርድ ቁጥሮች መሆናቸውንም ንገሯቸው፣ ጭቃው ውስጥ እንደ ክምችቱ ይለያያሉ።

ለፈተና ትርጉም አትጠይቁ። ሁለተኛ ጠርሙስ አዘጋጁና ከመጀመሪያው ፖታሲየም ናይትሬት ጨምሩበት (ዩሪያ አይሆንም፣ ናይትሬት የለበትም)። ይሄኛው ለምን ቶሎ እንዳልጠቆረ በቁጥር ያስረዱ።