«ለምን ነርሲንግ?» ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ

አሜሪካ ሆናችሁ ነርሲንግ ለመግባት አፕላይ ልታደርጉ የተዘጋጃችሁ፣ አናቶሚውንም ማይክሮባዮሎጂውንም በኤ ጨርሳችሁ ቲስ የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም አልፋችሁ ፐርሰናል ስቴትመንቱ ላይ፣ ማለት ለምን ነርሲንግ እንደመረጣችሁ የምትጽፉበት ላይ ስትደርሱ ነው እጃችሁ የሚያያዘው አይደል። ያው ሁሉም ትምህርት ቤት አያጽፍም፣ በነጥብ ብቻ የሚያስገቡ ኮሙኒቲ ኮሌጆች አሉ፣ ግን አሁን ብታመልጡት እንኳን ተመርቃችሁ የመጀመሪያውን ሥራ ስትፈልጉ ማናጀሯ መጠየቋ አይቀርም፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብላችሁ ብታስቡበት ሁለት ቦታ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ እውነተኛውን ምክንያት በሙሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ማንም አያየውም። ደሞዙ ነው? ጻፉ። እናቴ ግቢ ግቢ ስላለችኝ ነው? ጻፉ። የአክስቴ ልጅ ተመርቃ ቤት ገዛች፣ በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቼ የቀረውን ከልጆቼ ጋ እሆናለሁ፣ ሥራ አላጣም፣ ሁሉም ይጻፍ። ለደሞዝ ብሎ መምጣት ምንም ነውር የለውም እኮ፣ ቤተሰብ እዚህም አገር ቤትም የሚጠብቀው ሰው ስለ ገንዘብ ባያስብ ነው የሚገርመው። ችግሩ ሌላ ነው፣ አልትራሳውንድም ሬስፒራቶሪ ቴራፒም ደህና ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ደሞዙ ለምን ነርሲንግን እንደመረጣችሁ አይመልስም።

ቀጥሎ ማጣራት ነው። ከጻፋችሁት ውስጥ ሌላ ሙያ ላይም የሚሠራውን ሁሉ ሰርዙ። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለው መጀመሪያ ይሄዳል፣ አስተማሪውም እሳት አደጋውም ሶሻል ወርከሩም እንደዛ ነው የሚለው። «ሳይንስ እወዳለሁ»ም እንደዛው። የሚቀረው ትንሽ ነው ግን እሱ ነው የእናንተ። ዶክተሩ ጠዋት መጥቶ አይቶ ኦርደር ጽፎ ይሄዳል፣ ነርሷ ግን ሙሉ ሺፍቱን እዛው ናት፣ ሰውየው ጠዋት ደህና ሲያወራ የነበረው ከሰዓት ግራ የገባው መሆኑን፣ አተነፋፈሱ መቀየሩን ቀድማ የምታየው እሷ ናት፣ ደውላ ዶክተር የምትጠራው እሷ ናት፣ የታዘዘው መድኃኒት መጠኑ ካልመሰላት ቆም ብላ የምትጠይቀውም እሷው። ከዚህ ሥራ ውስጥ እናንተን የሳባችሁ የቱ ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

የኛ ሰው ደግሞ ለዚህ መልስ አያጣም፣ የማይጽፈው ተራ ነገር ስለሚመስለው ነው። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ክሊኒክ ሄዳችሁ ለእናታችሁ ስታስተረጉሙ ያደጋችሁ አላችሁ፣ ቤይሩት ወይ ዱባይ ሰው ቤት ሽማግሌ ስታስታምሙ የነበራችሁ አላችሁ፣ እዚህ ደግሞ ስንቱ ነው ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኖ ሌሊት የሚሠራው። ከዛ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ቀርባችሁ አሳዩ።

እንዲህ አይነቱን ተዉት፦ «ነርስ መሆን የልጅነት ሕልሜ ነው፣ ነርሶች መላእክት ናቸው፣ ርኅሩኅ ነኝ»። ይሄን ያነበበ ሰው ስለናንተ ምን አወቀ? ምንም።

ይሄኛውን እዩት፦ «በምሠራበት ቦታ በየሁለት ሰዓቱ የምናገላብጣቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ሌሊት ነርሷ መጣችና ተረከዛቸውን በጣቷ ተጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል አለችኝና በእጇ ጀርባ የሁለቱን እግር ሙቀት አስተያየች። አንደኛው ሞቅ፣ ጠንከር ብሏል። ወዲያው ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ አስገባች፣ ቻርት ላይም ጻፈችው። እኔ ያንን እግር በየቀኑ ነው የማጥበው። እሷ ያየችውን ማየት መቻል እፈልጋለሁ።» ፍቅር የሚል ቃል የለበትም፣ ግን ልጅቷ የመኝታ ቁስል እንዴት እንደሚጀምር ገብቷታል፣ ነርስ ምን እንደምትሠራም ታውቃለች።

አጻጻፉ ላይ አንድ ምክር፣ መጀመሪያ በአማርኛ ለጓደኛ እንደምታወሩ ቮይስ ቅረጹት ከዛ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ ከእንግሊዝኛው ከጀመራችሁ ዌብሳይት ላይ ያያችሁት ቃል ነው የሚመጣላችሁ። ቻትጂፒቲ ግራመር ያርምላችሁ እንጂ ታሪኩን አይጻፍላችሁ፣ ያው የሁሉም ሰው ታሪክ አንድ አይነት ሆኖ ነው የሚወጣው። እና ደግሞ የበሽተኛ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የቦታው ስም በፍጹም! ሂፓ የሚባል የበሽተኛ ሚስጥር የሚጠብቅ ሕግ አለ፣ ገና ሳይገቡ ሚስጥር ያወጣ ሰው ማን ያምነዋል። የቤተሰብ ሞት ከሆነ የምትጽፉት ነርሷ ያደረገችው ላይ ቆዩ፣ ሐዘኑ ገና ትኩስ ከሆነና ኢንተርቪው ላይ እንባ የሚቀድማችሁ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ፈልጉ።

ምንም የምጽፈው የለኝም የምትሉ ሲኤንኤ ውሰዱ። የፌደራሉ ሕግ ትንሹ 75 ሰዓት ስልጠና ነው፣ ብዙ ስቴት ከዛ ይጨምራል። ሽታውን፣ ዳይፐሩን፣ ወገብ የሚያጎብጠውን ማንሳት ታዩታላችሁ፣ ካልሆነላችሁም የትምህርት ቤቱን ብር ሳትከፍሉ ብታውቁት ይሻላል።

«ለምን ዶክተር አልሆንሽም?» የሚለውን ኢንተርቪው ላይም ቡና ላይም ይጠይቋችኋል። ሕክምና ረጅም ነው፣ ከባድ ነው አትበሉ፣ ነርሲንግ የተረፈ ምርጫ ያስመስለዋል። ከበሽተኛው አጠገብ መቆየት ነው የምፈልገው በሉና ያችኑ የመረጣችኋትን ታሪክ ንገሯቸው። ቡና ላይ ዝቅ አድርገው ለሚያዩት ዘመዶች ደግሞ ልዕልት ፀሐይን ጥሩላቸው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆና በስደት ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ጨርሳለች።

ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለሽ ወይ ሲሉ የለኝም አይባልም። ተማሪዎቻችሁ ኤንክሌክስን (የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን) በመጀመሪያው ሙከራ ስንት ፐርሰንቱ ያልፋሉ በሉ፣ ብዙ ስቴቶች ላይ የነርሲንግ ቦርዱ (ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ቁጥሩን ያወጣዋልና ከነገሯችሁ ጋ አስተያዩት፣ ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለውም እዛው አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች የወጣ ከ7,600 በላይ የውሸት ዲፕሎማ ተገኝቷል፣ ስለዚህ «ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) የለም፣ በአጭር ጊዜ ይጨርሳሉ» የሚሏችሁ ጋ ብራችሁን እንዳትከፍሉ።