የመርከብን ጭስ ከዓለም አቀፉ ሕግ ጋር ማስማማት፦ ለጎንደር ወጣት የመርከብ መሐንዲሶች

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቀው፣ የባሕር ሥልጠናቸውን ጨርሰው የመጀመሪያ ጉዟቸውን የሚጠባበቁ ወጣቶች ስለ መርከብ ጭስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ነው። ያ ጥላሸት በደንብ ካልተቃጠለ ነዳጅ የሚመጣ በመሆኑ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) በማጽዳትና በማስተካከል ይቀንሳል። የሰልፈር ኦክሳይድ ጋዝ ግን በዓይን አይታይም፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከሞላ ጎደል በሙሉ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ስለሚወጣ የሞተሩ ጥሩነት አይቀንሰውም። ስለዚህ ሥራው ከነዳጁ ይጀምራል።

መርከቦች አካባቢን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የማርፖል ስምምነት በስድስተኛ አባሪው እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከ0.50 በመቶ መብለጥ የለበትም። በልቀት መቆጣጠሪያ ቀጣናዎች ውስጥ ጣሪያው 0.10 በመቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ሜዲትራኒያንም በዚህ ሥር ገብቷል። እንግዲህ ከጅቡቲ ተነሥቶ በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ መርከብ ከፖርት ሳይድ ወደ ሜዲትራኒያን ከመውጣቱ በፊት የነዳጅ ለውጡን ጨርሶ መገኘት አለበት።

መጨረስ ሲባል ቫልቭ ማዞር ማለት አይደለም። በቧንቧውና በዕለታዊ ታንኩ የቀረው አሮጌ ነዳጅ ከአዲሱ ጋር እየተቀላቀለ ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው። ለምሳሌ በመሥመሩ ውስጥ 4 ቶን ነዳጅ ቢኖር፣ ሰልፈሩ 0.45 በመቶ ቢሆንና ሞተሩ በሰዓት 1.5 ቶን ቢያቃጥል፣ 0.05 በመቶ ሰልፈር ባለው ነዳጅ ወደ 0.10 ለመውረድ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። አዲሱ ነዳጅ 0.08 በመቶ ከሆነ ግን ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። ሁለቱም ነዳጆች ሕጋዊ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚፈጁት ጊዜ ነው። ስለሆነም የነዳጅ ርክክብ ሰነዱን ሳታነቡ የለውጡን ሰዓት አትወስኑ፤ በስሌቱ ላይም መጠባበቂያ ሰዓት ጨምሩ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሙቀት ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገባው ከ130 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ናፍጣ ግን በ40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ሙቀቱ በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዲለወጥ ከተደረገ በነዳጅ ፓምፑ ውስጥ የሚመላለሰው ዘንግ (ፕለንጀር) ተጣብቆ ሊቀር፣ ሞተሩም በጠባብ መተላለፊያ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከቅጣት ይልቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ማሞቂያውን ቀድማችሁ ቀንሱ፤ ነጩ ናፍጣ ከመጠን በላይ እንዳይቀጥንም የሞተሩን አምራች መመሪያ ተከተሉ።

ለውጡ ሲያበቃ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መርከቡ ያለበትን ቦታና በየታንኩ ያለውን ዝቅተኛ ሰልፈር ያለው ነዳጅ መጠን ወዲያው መዝግቡ። የርክክብ ሰነዱ ለ3 ዓመት፣ የነዳጁ የታሸገ ናሙና ቢያንስ ለ12 ወር ይቀመጣል።

ሰልፈሩን ከጭሱ በውኃ የሚያጥብ ጭስ ማጠቢያ የተገጠመለት መርከብ ሰልፈሩ ከፍ ያለ ነዳጅ እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። ይሁን እንጂ የታጠበውን ውኃ መልሶ ወደ ባሕር የሚለቀውን ዓይነት በርካታ ወደቦች ከልክለዋል፤ በእኔም እምነት ብክለቱን ከአየር ወደ ውኃ ማዛወር መፍትሔ አይደለም።

ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚፈጠረው በሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት ነው። አዳዲስ መርከቦች የደምቢያ ገበሬ በማዳበሪያነት የሚያውቀውን ዩሪያ በውኃ አሟሙተው ጭሱ ላይ በመርጨት ወደ ናይትሮጅንና ውኃ ይለውጡታል። ጭሱ በቂ ሙቀት ከሌለው መሣሪያው ስለማይሠራ፣ በዝቅተኛ ጭነት ሲኬድ የጭሱን ሙቀት መከታተል ያስፈልጋል።

ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ፍጥነት መቀነስ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚያድገው ልክ ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በ10 በመቶ መቀነስ ጉዞው ረዘም ያለ ሰዓት ቢወስድም ለአንድ ጉዞ የሚቃጠለውን የዋና ሞተር ነዳጅ በ19 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል። ወደቡ ቦታ የሚሰጥበትን ሰዓት ቀድማችሁ ከካፒቴኑ ጠይቁና ፍጥነቱን በዚያ ልክ እንዲወስን ስሌቱን አቅርቡለት።