ቴሰራክትን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ማድረግ፣ መብራት ቢሄድም ባይሄድም

ስካን የተደረገ የአማርኛ ገጽን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ቴሰራክት ነፃና ጥሩ ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ 24.04 ያላችሁ አትልፉ፤ በአፕት (በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) የሚወርደው 5ኛው ቨርዥን ይበቃችኋል። 22.04 ላይ ግን የሚመጣላችሁ 4.1.1 ነው። አዲሱን ከፈለጋችሁ ከሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ ከጻፉት ኮድ፣ ራሳችሁ ሥሩት፤ ኮምፓይል ማድረግ ማለት ይኸው ነው።

ኮዱን በጊት (ኮድን ከነለውጥ ታሪኩ በሚያወርደው ፕሮግራም) ስታወርዱ ዴፕዝ 1 በሉት። የፕሮጀክቱ የዓመታት ታሪክ ይቀርና የዛሬው ብቻ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ኡቡንቱ ላይ ቢውልድ ኢሴንሻል (ኮምፓይለሩና ሜክ ያሉበት ፓኬጅ)፣ ሲሜክ (ኮምፓይሉን የሚያዘጋጀው) እና ፒኬጂ ኮንፊግ (ላይብረሪዎች የት እንዳሉ የሚፈልገው) ይጫኑ። ማክ ላይ መጀመሪያ የኤክስኮድ ኮማንድ ላይን ቱልስ፣ ከዚያ ሲሜክ፣ ፒኬጂ ኮንፊግና ሌፕቶኒካ (ቴሰራክት ለምስል ሥራ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) በሆምብሩ፣ ማለትም በማክ ፓኬጅ መጫኛው። ዊንዶውስ ላይ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር መታገል ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ደብሊው ኤስ ኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን) ጫኑና እዚያ ውስጥ እንደ ኡቡንቱ ሥሩ። ኮዱ ሲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ይንቀራፈፋል፤ የሊኑክሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ሲሜክን ስታስነሱ ብዙ ሰው የሚቆመው ሌፕቶኒካ ላይ ነው። «ተጭኗል እኮ!» ትላላችሁ፣ ሲሜክ «የለም» ይላል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ያለው ማስኬጃው ላይብረሪ ነው፤ ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉት ሄደር ፋይሎች ግን የሉም። ኡቡንቱ ላይ ስሙ በዴቭ የሚያልቀውን ፓኬጅ ጫኑ፣ ሲሜክ የሠራበትን ቢውልድ ፎልደር አጥፉና ሲሜክን እንደገና አስነሱ። ኤረር ሲደረደርም ከላይ የመጀመሪያውን አንብቡ። የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ጣጣ ናቸው።

ሲሜክ ካለፈ በኋላ ተራው የሜክ ነው፤ ኮምፓይሉን የሚያስኬደው እሱ ነው። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ከ2 ሥራ በላይ ባንድ ጊዜ አታስኪዱ፤ ማሽኑ ድርቅ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ዴስክቶፕ ላይ እየሠራችሁ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል። ችግሩ፣ መብራቱ ሲቋረጥ ሲጻፍ የነበረው የኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይል ሆኖ የወጣ የኮዱ ቁራጭ) ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሜክ የሚያየው ሰዓቱን እንጂ ውስጡን ስላልሆነ «ይኼ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ቁራጮቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ፋይሉን አላውቀውም ብሎ ያኮርፋል። ስሙን ይነግራችኋል፤ ያንን ፋይል ብቻ አጥፉና ሜክን ድገሙት። ሁሉንም ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም።

አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ቀኑንም እዩ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ከሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ጊት ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ይላል፣ ሜክም የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ይምታታበታል። ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪውን መቀየር ደግሞ ይሻላል፣ ርካሽ ነው።

ኢንስቶል ካደረጋችሁ በኋላ ሊኑክስ ላይ ኤልዲኮንፊግን (ሲስተሙ አዳዲስ ላይብረሪዎችን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ትዕዛዝ) በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ አስኪዱ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ የራሱን ላይብረሪ ሊያጣው ይችላል። የአማርኛው ዳታ ፋይል ከኮዱ ጋር አይመጣም። ለብቻው አውርዳችሁ ቴስዳታ ፎልደር ውስጥ ክተቱት። ስካን ስታደርጉ ደግሞ 300 ዲፒአይ አድርጉት፤ በስልክ በጨለማ የተነሳ ፎቶ ሰጥታችሁት በፕሮግራሙ አትፍረዱ።