አምፖሉ ነው ወይስ ሆልደሩ? የመብራት ችግሮች ከምልክት እስከ መፍትሄ

መብራት ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ አምፖል ገዝቶ መተካት ነው። አዲሱም እንደ አሮጌው ከሆነ ጥፋቱ የአምፖሉ አልነበረም ማለት ነው። ሆልደሩ (አምፖሉ የሚታሰርበት ማቀፊያ)፣ ሽቦው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ወይም አምፖሉ የገባበት ሽፋን ሊሆን ይችላል። ምልክቱን በደንብ ያየ ሰው ሳይገዛ የሚያስተካክለው ብዙ ነገር አለ። ከታች ያለው ከ220 እስከ 240 ቮልት ለሆነ መስመር ነው።

ከመንካትዎ በፊት የመስመሩን ብሬከር ያውርዱ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻውን አያድንም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ስንደርስ ግልጽ ይሆናል። ቀጥሎ ሆልደሩን በቴስተር ካቻቢቴ ይፈትሹ፤ ቴስተሩን ራሱን ግን አስቀድመው ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩት። የተበላሸ ቴስተር ኃይል ያለውን ሽቦ ባዶ አስመስሎ ያሳያል። ሲበራ የቆየ አምፖል እስኪበርድም ይጠብቁ።

ጭራሹን አይበራም

አምፖሉን በሚሠራ ሌላ ሆልደር ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከበራ ችግሩ ሆልደሩ ጋ ነው። በጥርስ ተሽከርክሮ በሚገባው ሆልደር (ኢ27 ወይም ኢ14) መሃል ላይ ያለችው የብረት ምላስ ከሙቀትና ከመጠን በላይ ከማጥበቅ የተነሳ ትተኛለች፤ አምፖሉ ጠብቆ የገባ ቢመስልም አይነካትም። ብሬከሩ እንደወረደ ካረጋገጡ በኋላ ምላሷን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቀና ያድርጓት። ከጠቆረች ወይም ተመልሳ ከተኛች ሆልደሩን ይቀይሩ። አምፖሉን ሲያስገቡ ጠበቅ ማለቱ ከተሰማዎት ይበቃል።

ሆልደሩን ከፈቱት አይቀር ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) የት እንደታሰረ ይመልከቱ። ፌዝ የሚገባው ወደ መሃሏ ምላስ፣ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ደግሞ ወደ ጥርሱ ቀለበት ነው። ተገላብጦ ቢታሰርም መብራቱ ይበራል፤ ለዚህም ነው ማንም የማያስተውለው። ነገር ግን አምፖል የሚቀይር ሰው ጣቱ ቀለበቱን በነካ ጊዜ የሚያገኘው ሙሉውን ቮልቴጅ ነው። የሽቦውን ቀለም ብቻ አምነው አይሠሩ። በአዲሱ አሠራር ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ነው፤ በቆየ ቤት ግን ሌላ ቀለም ሊገጥምዎ ይችላል፣ የሠራው ሰውም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የብረት አካል ያለው መብራት ሁለት አራት ማዕዘን አንዱ በአንዱ ውስጥ ያለበት ምልክት ከሌለው የኧርዝ ሽቦው የግድ መታሰር አለበት።

የእግሩን ዓይነት ሳይለዩ አይግዙ። ኢ27 እና ኢ14 ላይ ያለው ቁጥር የጥርሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ቢ22 ተጭኖ ትንሽ ዞር የሚል፣ በጎኑ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ያሉት ነው። ጂዩ10 በሁለቱ እግሮች መካከል 10 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ሲሆን በቀጥታ በዋናው መስመር ይሠራል። ጂዩ5.3 ግን አብዛኛውን ጊዜ የ12 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከዋናው መስመር ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

በየጊዜው ይቃጠላል

እዚህ ላይ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። በኤልኢዲ አምፖል ቀድሞ የሚሞተው ብርሃን የሚሰጠው ክፍል ሳይሆን ከእግሩ በላይ ባለው አንገት ውስጥ የተቀመጠው ኤሌክትሮኒክስ፣ በተለይም ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩ (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) ነው። በዙሪያው ያለው ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ «15,000 ሰዓት» የተባለው አምፖል አየር በሚያገኝበት ቦታ ነው ያን ያህል የሚቆየው። በዝግ የመስታወት ኳስ ውስጥ ወይም ጣሪያ ውስጥ በተቀበረ ጠባብ ሽፋን ውስጥ፣ ያውም እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲንጠለጠል፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያንን ካፓሲተር ይጠብሰዋል።

መፍትሄው ለዝግ ሽፋን እንደሚሆን የተጻፈበትን አምፖል መግዛት፣ ካልተገኘ ዋቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከ15 ዋት ይልቅ 7 ወይም 9 ዋት። ጣሪያ ውስጥ የተቀበረ መብራት ላይ ሙቀት መከላከያ ጥጥ ወይም ፎም ከተነጠፈበት፣ እንዲሸፈን የተፈቀደ ካልሆነ በቀር፣ በዙሪያው ያለውን ያንሱ። ይህ አምፖል ከማዳን አልፎ እሳት መከላከልም ነው።

ሽፋኑ ላይ «ከፍተኛው 60 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ስለ ሙቀት የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል ማስገባት የሆልደሩን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ የሽቦውን ሽፋንም እንደ ደረቅ ቅጠል ያደርገዋል፤ በኋላ ሲነኩት ይረግፋል።

ሽፋኑ ክፍት ሆኖም አምፖሉ የሚቃጠል ከሆነ የሆልደሩን ብሎኖች ይፈትሹ፤ የላላ ሽቦ ይፈነጥቃል፣ ይግላል። ያም ደህና ከሆነ ቮልቴጁ ይለካ። ባለ ክር አምፖል ላይ ቮልቴጁ 5 በመቶ ብቻ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሦስት ፌዝ በሚሠራ ቤት ግን አንዱ ክፍል ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ዋናው ኒውትራል ላልቷል ወይም ተበጥሷል ማለት ነው። ይህን ካዩ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያውርዱና ባለሙያ ይጥሩ። ቲቪና ማቀዝቀዣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ይርገበገባል

ሁሉም መብራት አብሮ ከተርገበገበ ችግሩ የመስመሩ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ሆልደሩን እና ሽቦውን ካጠበቁ በኋላ ዲመር (ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ) እንዳለው ይዩ። የድሮ ዲመሮች ለባለ ክር አምፖል የተሠሩ ስለሆኑ 40 ወይም 60 ዋት ዝቅተኛ ጭነት የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ አንድ ባለ 8 ዋት ኤልኢዲ አይሞላላቸውም። ዲመሩም አምፖሉም ለኤልኢዲ ማደብዘዣ እንደሚሆኑ የተጻፈባቸው መሆን አለባቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

የ12 ቮልት ሃሎጅን አምፖሎች በኤልኢዲ ሲተኩም ያው ነገር ይከሰታል። ለሃሎጅን የተሠራው ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመር 20 ዋት ያህል ካልተጫነበት በትክክል አይነሳም። በትራንስፎርመሩ ምትክ ለኤልኢዲ የተሠራ የ12 ቮልት ድራይቨር (ኃይል ሰጪ) ይግጠሙለት።

ባለ ቱቦው ፍሎረሰንት ጫፍና ጫፉ ብቻ እየቀላ ካልነሳ ስታርተሩን (ቱቦውን የሚያስነሳውን ትንሽ ክፍል) ይቀይሩ፤ ርካሽና ቀላል ነው። ጫፎቹ ከጠቆሩ ግን ቱቦው ራሱ አርጅቷል።

ከጠፋ በኋላም ደብዝዞ ይበራል

ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ኃይል ስለሚበቃው ባለ ክር አምፖል የማያሳየውን ችግር ያሳያል። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት ካለች፣ ለእሷ የሚያልፈው ኃይል ኤልኢዲውን ያበራዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መብራት በሌለው ይቀይሩ። ረጅም ርቀት ጎን ለጎን የሄዱ ሽቦዎችም አንዱ ለሌላው ትንሽ ቮልቴጅ ያጋባሉ። ይህ አደጋ የለውም፤ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ካፓሲተር ከመብራቱ ጎን ሲገጠም ይጠፋል።

ሦስተኛው ምክንያት ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ያኔ መብራቱ ጠፍቶም ሆልደሩ ሙሉ ፌዝ ይዞ ይቆያል፤ ብሬከር ሳያወርዱ አምፖል መቀየር የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ ሆልደሩ ላይ ቴስተሩ ደምቆ ከበራ ይህንኑ ይጠርጥሩ። ማስተካከያው በማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ሽቦዎቹን መለዋወጥ ስለሆነ፣ መልቲሜትር የያዘ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ብሬከሩ ይወርዳል

ባለ ክር አምፖል ሲሞት ክሩ ላይ በሚነሳው ብልጭታ ብሬከሩን ሊያወርድ ይችላል፤ አምፖሉን ቀይረው አንድ ጊዜ ያንሱት። ደግሞ ከወረደ አምፖሉን አውጥተው ይሞክሩ። ባዶውን ከቆመ ጥፋቱ የአምፖሉ፣ ባዶውንም ከወረደ የሆልደሩ ወይም የሽቦው ነው። ብሬከሩን በትልቅ መተካት ሽቦውን ያለ ጠባቂ ማስቀረት ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላለው የመብራት መስመር የተለመደው 10 አምፔር ነው። ሊኬጅ (ከመስመሩ ወደ መሬት የሚያመልጥ ኃይል) የሚቆጣጠረው ብሬከር ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ውሃ የገባበትን የውጭ መብራት ይፈልጉ። ዝናብና የቧንቧ ውሃ ለሚመታው አይፒ65 (አይፒ መብራቱ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ደረጃ ነው)፣ ለመታጠቢያ ቤት ከገንዳውና ከሻወሩ ራቅ ብሎ ለሚሰቀል አይፒ44 ይግዙ፤ ሽቦውም ከታች በኩል እንዲገባ ያድርጉ።

ይበራል፣ ግን ብርሃኑ አያረካም

ዋት የሚናገረው ስለሚበላው ኃይል ነው፤ ብርሃኑን የሚነግርዎ ሉመን ነው። የድሮው 60 ዋት 800 ሉመን ያህል፣ 100 ዋቱ 1,500 ያህል ይሰጣል፤ ኤልኢዲ ሲመርጡ በእነዚህ ያነጻጽሩ። የብርሃኑን ቀለም የሚነግርዎ ደግሞ ኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲጨምር ወደ ነጭ ይሄዳል። ለመኝታ 2,700 ኬልቪን፣ ለሥራ ቦታ 4,000 ይስማማል። ልብስና ምግብ ቀለማቸው የደበዘዘ ከመሰለዎ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 የሆነውን ይፈልጉ።

አምፖል ተሰበረ

እግሩ ሆልደሩ ውስጥ ከቀረ ብሬከሩን አውርደው፣ ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ጠርዙን በረጅም አፍ ፒንሳ ይዘው ወደ ግራ ያዙሩት። ፍሎረሰንት ወይም ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል ከሆነ ውስጡ ሜርኩሪ አለ። መስኮት ከፍተው ሰውንም እንስሳንም ከክፍሉ ያስወጡና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን ይፈሱ፣ ደቃቁን በሚለጠፍ ቴፕ ያንሱ፣ በመጨረሻ በእርጥብ ወረቀት ይጥረጉ። ሁሉንም፣ ወረቀቱንም ጭምር፣ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ከተው ይክደኑት። መጥረጊያና ቫኪዩም ሜርኩሪውን ስለሚበትኑት አይጠቀሙባቸው።