ከ40 በኋላ ሙያ ስትቀይሩ ከዜሮ አትጀምሩ

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ «በዚህ ዕድሜዬ ከሀ ልጀምር?» ብላችሁ ወኔ ከከዳችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትገቡበትን ሥራ የሙያ ደረጃ ሰነድ (ሥራው የሚጠይቃቸውን ችሎታዎች ዝርዝር) ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጠይቁና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። የምትችሉትን ምልክት አድርጉበት፣ ያልነካችሁትን ክበቡት። ፒያሳ ለዓመታት ብትን ጨርቅ የሸጠ ሰው ወደ ልብስ ስፌት ቢዞር ልኬቱን ያውቃል፤ ጨርቁ በወርዱ ሲሳብ ከቁመቱ ይልቅ እንደሚለጠጥም ጣቱ ይነግረዋል። የሚቀረው ንድፍ፣ ቅድና መኪናው ነው። ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም በተከበበው ላይ አውሉት። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና በልምድ ለተማረም ክፍት ስለሆነ ያዋጣል። የጽሑፍ ፈተናም ስላለው ግን እጃችሁ ቢፈታም የሙያውን ቃላት አጥኑ። የኤሌክትሪክ ዝርጋታን በመሰለ ሥራ የደኅንነቱን ክፍል «አውቀዋለሁ» ብላችሁ በፍጹም አትዝለሉት።