ድፍን እንጨት ወይስ የፋብሪካ እንጨት? ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የቤት ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንይዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኦሪጅናል እንጨት ነው?» ሻጩ «አዎ» ካለን ደስ ብሎን እንከፍላለን። መጠየቅ የነበረብን ግን ሌላ ነው። ዕቃው የት ይቀመጣል? ውሃ ያገኘዋል? ምን ይሸከማል? መልሱ አንዳንዴ ድፍን እንጨት ይሆናል፣ አንዳንዴ ኮምፔርሳቶ፣ አንዳንዴም ሁሉም የሚንቀው ቺፑድ።

የፋብሪካ እንጨትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች መስመራቸው እየተሻገረ በኮላ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ቺፑድ የእንጨት ስብርባሪ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚወጣ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ እንጨቱ እንደ ክር እስኪሆን ተፈጭቶ የታመቀ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቬኒየር (ስስ የእንጨት ልባጭ) ወይም ወረቀት ሊለብሱ ይችላሉ። ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳታፍሩ መሳቢያውን ሳቡትና አውጡት። ከጀርባ ያልተሸፈነ ጠርዝ ፈልጉ። ንብርብር መስመር ካያችሁ ኮምፔርሳቶ ነው። ፍርፋሪ ከሆነ ቺፑድ፣ እንደ ወፍራም ካርቶን ልሙጥ ከሆነ ኤምዲኤፍ። በድፍን እንጨት ላይ ግን ላዩ ላይ ያለው መስመር ጠርዙ ጋ አይቆረጥም፣ ወደ ጫፉ ዞሮ ይቀጥላል። እኔ በዚህ ዘዴ «ሙሉ እንጨት» የተባለ ስንት ቁም ሳጥን አጋልጫለሁ!

ድፍን እንጨት አንዴ ከተሠራ አይንቀሳቀስም ብሎ ማሰብ

አንድ ጊዜ ሰፋ ያለ የመመገቢያ ጠረጴዛ አሠራሁ። ድፍን እንጨት፣ ዓይን የሚስብ። የአየሩ እርጥበት የቀነሰ ሰሞን አንድ ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጠዋት ስናየው ከጠረጴዛው ጫፍ የተነሳ ስንጥቅ ወደ መሀል ገብቷል፤ ሳንቲም ይሾልክበታል። አናጺው እንጨቱን ረገመ። እኔም አብሬው ረገምኩ።

በኋላ ገልብጠን ስናየው ነገሩ ገባን። የላዩ ጣውላ ዙሪያውን በቪቴ ከፍሬሙ ጋር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። እንጨት ደግሞ አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ በስፋቱ ግን ሌላ ነው። 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የኦክ ጠረጴዛ በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 ፐርሰንት ሲለወጥ ስፋቱ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ሊለዋወጥ ይችላል። መሄጃ ካሳጣችሁት ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቪቴው የሚያልፍበት የፍሬሙ ቀዳዳ በጣውላው ስፋት አቅጣጫ ሞላላ ይሁን፣ ጣውላው ወዲህ ወዲያ እንዲል። ስታሠሩ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ አናጺው «ምን ማለትህ ነው?» ካላችሁ ሌላ አናጺ ፈልጉ።

ኮምፔርሳቶ እዚህ ላይ ይበልጣል። የተሻገሩት ንጣፎች እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ብዙም አይለጠጥም። ለሰፊ ነገር፣ ለምሳሌ ለቁም ሳጥን ጎንና ጀርባ፣ እኔ ድፍን እንጨት አልመርጥም።

ቺፑድን ውሃ አጠገብ ማስቀመጥ

የእቃ ማጠቢያ ሥር ያለውን ካቢኔት ከፍታችሁ የታችኛውን ጠርዝ ዳስሱት። እንደ ዳቦ የተነፋ ነገር ጣታችሁን ከነካው ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቺፑድ በፊቱ በኩል ችግር የለበትም፤ ላዩ ላይ ያለው ሜላሚን የሚባለው ጠንካራ ልባጭ ይከላከልለታል። ውሃው የሚገባው በጠርዙና በቪቴ ቀዳዳው ነው። አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ድፍን እንጨት እርጥብ ነገር ቢነካው ቶሎ ከደረቀ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

አረንጓዴ ቀለም ያለው ኤምዲኤፍ አለ፣ እርጥበትን የሚቋቋም። መቋቋም ግን ውሃ ውስጥ መኖር አይደለም። ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ ቧንቧውን ጠግኑ።

ረጅም መደርደሪያ በመጽሐፍ መሙላት

18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ መጽሐፍ የሚሸከም ከሆነ ከድጋፍ እስከ ድጋፍ 60 ሳንቲሜትር አካባቢ ላይ ቢቆም ይሻላል። ከዚያ ሲረዝም ሆዱ ይወርዳል፣ ከዓመት ዓመትም ይብሳል። ኮምፔርሳቶና ድፍን እንጨት ይሻላሉ። ከፊት ለፊት በመደርደሪያው ርዝመት አንድ የእንጨት ዘንግ መግጠምም ብዙ ያግዛል።

ቤት የምትቀያይሩ ሰዎች ይህንንም አስቡበት፦ ቺፑድ ላይ የተነቀለ ቪቴ ሲመለስ እንደ በፊቱ አይዝም።

ሽታውን ችላ ማለት

አዲስ ዕቃ ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ከሙጫው የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለሰው ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቦታል። ይህ ማለት የፋብሪካ እንጨት ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ኢ1 (E1) የሚባለው ወይም ከዚያ ያነሰ የፎርማልዴሃይድ ልቀት ደረጃ ያለውን ፈልጉ፣ ጠርዞቹ በሙሉ የታሸጉ መሆናቸውን እዩ፣ በተለይ የሕፃናት ክፍልን መጀመሪያ በደንብ አናፍሱት።

ድፍን ከሆነ አይቧጨርም ብሎ ወለል መግዛት

ጥንካሬ የሚመጣው ከዛፉ ዓይነት ነው። ድፍን የጥድ ወለል በወንበር እግር ይጎደጉዳል። ላዩ የኦክ ንጣፍ፣ ሥሩ ሌላ የተጣበቀ እንጨት የሆነ ባለ ንብርብር ወለል ደግሞ ጭረትን የሚቋቋመው ልክ እንደ ድፍን ኦክ ነው፤ የሚረገጠው ያው ኦክ ነዋ።

ልዩነቱ የሚታየው ወለሉ ሲያረጅ ነው። አንድ ጊዜ በማሽን ተልጎ ሲታደስ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊሜትር ይሄዳል። ድፍኑ ብዙ ጊዜ ይታደሳል። ባለ ንብርብሩ ግን የላይኛው ንጣፉ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ማሽን ባይነካው ይሻላል፣ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ጥቂት ዙር ይችላል። ሻጩን የጠቅላላ ውፍረቱን ሳይሆን የዚህን ንጣፍ ልክ ጠይቁት። ላሚኔት ከነዚህ ጋር አይቆጠርም፤ ላዩ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት ነው፣ አይላግም።

ወለሉ የሚያርፈው ሲሚንቶ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ማሞቂያ ካለው፣ ባለ ንብርብሩ ይመረጣል። ሲሚንቶው ራሱ በደንብ ሳይደርቅ ግን የትኛውም አይነጠፍ።

በመጣበት ቀን ማንጠፍ

ሠራተኞቹ ይቸኩላሉ፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። አምራቹ የጻፈውን ያህል ቀን እንጨቱ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ይቆይና አየሩን ይላመድ። ሲነጠፍም ከግድግዳው 1 ሳንቲሜትር ገደማ ክፍተት ይተውለት። ሲያዩት ያስቀይማል፣ «ለምን አልሞላችሁትም?» ያሰኛል። ዞኮሎው ሲመታ ይሸፍነዋል። ዞኮሎው ግን ግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ ወለሉ ላይ አይቸንከር።