ፓይተን ለቢሮ ሥራ፦ ስልክ ቁጥሩንና ጳጉሜን ተጠንቀቁ
ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፕሮግራመር ብቻ የሚመስላችሁ የሒሳብና የስቶር ሰዎች፣ ይቺን ሞክሯት። ከየቅርንጫፉ የሚመጡትን የኤክሴል ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡና ፓንዳስ በሚባለው ላይብረሪ (ፓይተን ላይ የሚጨመር የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ወደ አንድ ሠንጠረዥ አዋህዷቸው። ኮዱ አጭር ነው፣ በሚቀጥለው ወርም ያው ኮድ ይሠራል። በኮፒ ፔስት የሚያልቀው ጊዜ በጣም ያሳዝነኛል።

ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በኮማ እየለየ የሚያስቀምጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስታነቡ ፓንዳስ ስልኩን እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው በ09 የሚጀምረው ሁሉ ዜሮው ተቆርጦ ይገባል፤ ስለዚህ ያ ዓምድ ጽሑፍ መሆኑን ገና ፋይሉን ስትከፍቱ ንገሩት። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ፓይተን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፣ 13ኛ ወር የለውም፣ እና 05/13/2016 ብላችሁ የጻፋችሁትን ጳጉሜን 5 ምንም ሳይል ሜይ 13 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። 30/02/2016 ሲመጣበት ግን (ጥቅምት 30 ማለታችሁ ነው) ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ይሄኛው እንኳን ይሻላል፣ ቢያንስ ታዩታላችሁ። ቀኑንም እንደ ጽሑፍ አንብቡት፣ ቀን ወርና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያዩት፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ቀይሩ።